ጥንቸል ለምታረቡ፦ የማስጠቂያ ፕሮግራምና የቀለም ምርጫ ንጽጽር

ጥንቸል ማርባት የጀመረ ሰው ብዙ ሳይቆይ ምክር ይጋጭበታል። አንዱ «በወለደች በነጋታው ከወንድ አገናኝተህ አስጠቃት፤ ጊዜ አታባክን» ይለዋል። ሌላው «ልጆቿን ጡት እስክታስጥል እንዳትነካት» ይለዋል። ሁለቱም ካዩት ተነስተው ነው የሚናገሩት። አንዱ ያየው የተመጣጠነ መኖ በከረጢት የሚገባበት ቤት ነው። ሌላው ያየው ሳር ታጭዶ የሚበላበት ቤት ነው። በዚህ ላይ ሻጩ አለ። «ይቺ ዓይኗ ሰማያዊ ነው፣ ዘሯ ልዩ ነው» ብሎ ዋጋውን ይሰቅለዋል።

ስለዚህ ሁለት ምርጫ አለባችሁ፤ በስንት ቀን ማስጠቃት፣ ምን ዓይነት ቀለም መያዝ። የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። ፕሮግራሙ ይቀድማል። ቀለም ሥጋ አይጨምርም። ቀለም ማንበብ የሚችል አርቢ ግን የትኛው ወንድ እንዳስረገዘ፣ ዝምድና መቼ እንደበዛ፣ ሻጩ እውነቱን ይሁን አይሁን በዓይኑ ያውቃል። ሁለቱን በአንድ ላይ የማነሳው ለዚህ ነው።

ከሁሉ በፊት ገበያውን እዩ። በአገራችን የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ጥንቸል አይበላም፤ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት ጋር ይቆጥራታል። አብዛኞቹ የእስልምና ሊቃውንት ደግሞ ይፈቅዱታል። ስለዚህ ገዢ በየሰፈሩ አይገኝም። ሆቴል ሊሆን ይችላል፣ ለእርባታ ዘር የሚፈልግ ሰው፣ ለልጆቹ የሚገዛ ቤተሰብ ወይም ቤተ ሙከራ። ገዢያችሁን ሳታውቁ ፈጣን ፕሮግራም አትጀምሩ። ጥንቸል ቶሎ ትበዛለች፤ ያልተሸጠውም በየቀኑ ይበላል።

በምን እንመዝን?

ብዙ ሰው ፕሮግራም የሚመርጠው «በዓመት ስንቴ ትወልዳለች?» ብሎ ነው። ይህ መመዘኛ ያሳስታል። እኔ የምመዝነው በእነዚህ ነው።

- በዓመት ስንት ልጅ ጡት ጥሎ በሕይወት ወጣ? የተወለደው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርም።
- እናቲቱ ሥጋዋን ይዛ ትቀጥላለች? ጀርባዋን በእጃችሁ ዳብሱ። የአከርካሪዋ አጥንት ሹል ሆኖ ከተሰማችሁ ከስታለች።
- መኖው ምንድን ነው? አልፋልፋና ሳር ብቻ ነው ወይስ ፉሩሽካና ፋጉሎ የገባበት የተመጣጠነ መኖ?
- ስንት ኬጅ አላችሁ? ጡት የጣሉት እስኪሸጡ የት ያድራሉ?
- አየሩ ደጋ ነው ቆላ?

ለቀለም ደግሞ መመዘኛዎቹ ሦስት ናቸው፤ ገዢው ይፈልገዋል ወይ፣ ልጆቹ እንደ ወላጆቹ ይወጣሉ ወይ፣ ከቀለሙ ጋር የሚመጣ የጤና ችግር አለ ወይ።

ሁሉም ፕሮግራም የሚያርፍበት መሠረት

ሴት ጥንቸል እንደ ላም በተወሰነ ቀን ኮርማ አትፈልግም። እንቁላል የምትጥለው ከተጠቃች በኋላ ነው፤ ከ10 እስከ 13 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ። ስለዚህ ቀኑን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ዝግጁ መሆኗን የሚነግራችሁ ብልቷ ነው። ነጣ ካለ ገና ናት፤ ቀላ ብሎ እርጥበት ካለው ትቀበላለች።

ሁልጊዜ ሴቷን ወደ ወንዱ ኬጅ ውሰዷት። ወንዱን ወደ እሷ ከወሰዳችሁት ክልሏ ስለሆነ ትነክሰዋለች፣ እሱም ቦታውን ሲያሸት ጊዜው ያልፋል። የፈለገች ሴት ኋላዋን ከፍ ታደርጋለች፣ ነገሩም በደቂቃ ያልቃል። ወንዱ ጉርር ብሎ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ከወደቀ ተሳክቷል። አጠገባቸው ቆማችሁ እዩ። ሌሊቱን አብረው እንዲያድሩ ትቶ መሄድ ቀኑንም ያጠፋል፣ ያጎዳዳቸዋልም።

እርግዝናው 31 ቀን ገደማ ነው። እዚህ ላይ የእኛ ዘመን አቆጣጠር ሥራ ያቀላል። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ አንድ ወር ከአንድ ቀን መጨመር ነው። መስከረም 5 የተጠቃች ጥቅምት 6 ትጠበቃለች። ጳጉሜን ብቻ አትርሱ። ነሐሴ 20 የተጠቃች የምትወልደው መስከረም 21 አይደለም፤ ጳጉሜ 5 ቀን ከሆነች መስከረም 16 ነው። የመውለጃ ሳጥኑ 5 ቀን ዘግይቶ ከገባ ልጆቹ የኬጁ ሽቦ ላይ ይወለዱና በብርድ ያልቃሉ።

በ14ኛው ቀን ሆዷን በቀስታ ዳብሱ። የብይ ያህል ክብ ክብ ነገር በጣታችሁ መሃል ከተንሸራተተ አርግዛለች። በጥንቃቄ፣ ሳትጫኑ። በ17ኛው ቀን ገደማ ፀጉሯን እየነጨች ጎጆ መሥራት ከጀመረች ግን የውሸት እርግዝና ነው፤ መልሳችሁ አስጠቋት። የመውለጃ ሳጥኑ በ28ኛው ቀን ይገባል።

የጥንቸል ወተት ከላም ወተት በፕሮቲንም በስብም 3 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ልጆቿን በቀን አንዴ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ታጠባለች፤ ስለዚህ «ጥላቸዋለች» ብላችሁ አትደንግጡ። ወተቷ ከፍ የሚለው በ3ኛው ሳምንት ነው። ያን ጊዜ ሌላ ፅንስ ተሸክማ ከሆነ ከሥጋዋ ቀንሳ ትከፍላለች። በፕሮግራሞቹ መካከል ያለው ልዩነት ያለው እዚህ ነው።

ፈጣኑ፦ በወለደች በ1 ወይም በ2 ቀን

ሴቷ እንደወለደች ወንድ በደንብ ትቀበላለች። በ4ኛውና በ5ኛው ቀን ግን ፍላጎቷ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ይህ ፕሮግራም ወዲያው ካልሆነ አይሆንም። በወረቀት ላይ በዓመት 11 ወሊድ ይሰጣል። እዚያ የምትደርስ ሴት የለችም፤ አንዳንዱ ማስጠቃት ይከሽፋል፣ አንዳንዱ ወሊድ ይበላሻል።

ልጆቹ በ28 ቀን ጡት መጣል አለባቸው፣ ምክንያቱም ተከታዮቹ በር ላይ ናቸው። በ28 ቀን ጡት የጣለ ልጅ ጥሩ መኖ ካላገኘ ይቀጭጫል፣ ተቅማጥ ይጥለዋል። እናቲቱም መክሳት ትጀምራለች። ሦስተኛው ወሊድ ላይ ልጆቹ ያንሳሉ፣ ከዚያ እሷ ወንድ እምቢ ትላለች። ይህን «አመሏ ተበላሸ» ብሎ የሚያርድ ሰው አለ። አመሏ አልተበላሸም፤ ደክማለች።

በሳር ለሚያረባ ሰው ይህን ፕሮግራም አልመክርም። አንድ ቦታ ላይ ግን ትክክለኛ መሣሪያ ነው። ልጆቿ በሙሉ ከሞቱባት፣ ወይም 2 ወይም 3 ብቻ ከወለደችና እነሱን ለሌላ እናት በማደጎ መስጠት ከቻላችሁ፣ ሥጋዋም ካልወረደ ወዲያው አስጠቋት። የምታጠባው ስለሌላት የሚከፈል ዕዳ የለም።

መካከለኛው፦ በወለደች በ11ኛው ቀን

በአውሮፓ ትልልቅ እርባታዎች ለረጅም ጊዜ የተለመደው የ42 ቀን ዙር (ከወሊድ እስከ ወሊድ) ይህ ነው። እነሱ በብዛት በሰው ሰራሽ ዘዴ ነው የሚያዳቅሉት። ሴቶቻቸውንም በዓመት ውስጥ ከሞላ ጎደል በሙሉ ይተካሉ፤ ይህን አብራችሁ አስቡበት። ለእኛ ጥሩው ነገር 42 ቀን ልክ 6 ሳምንት መሆኑ ነው። ሥራው ሁሉ አንድ ቀን ላይ ይወድቃል።

ሰኞ አስጠቋት። በ14ኛው ቀን ሆድ መዳሰስ ሰኞ ነው። በ28ኛው ቀን ሳጥን ማስገባት ሰኞ ነው። ሐሙስ ትወልዳለች። ከሐሙስ 11 ቀን ቁጠሩ፦ ሰኞ። ልጆቹን በ32ኛው ቀን ጡት ካስጣላችሁ እሱም ሰኞ ነው። ከዚያ እስከ ቀጣዩ ወሊድ 10 ቀን ታርፋለች። ሌላ ሥራ ያለው ሰው ሰኞ ጠዋትን ከሰጠ፣ ሐሙስና ዓርብ ጎጆውን ካየ፣ ከዕለት መኖና ውሃ በቀር ሌላ ሩጫ የለበትም። እኔ ይህን ፕሮግራም የምወደው በዋናነት በዚህ ነው። ቀኑ የማይረሳ ፕሮግራም በትክክል ይሠራበታል።

መኖ ግን ይፈልጋል። የምታጠባ ሴት ከወትሮዋ 2 እና 3 እጥፍ ትበላለች፣ ውሃዋም በቀን ከ1 ሊትር ይበልጣል። ከ16 እስከ 18 በመቶ ፕሮቲን ያለው መኖ ካልቀረበላት 42 ቀኑን አትችለውም። መኖው ደህና ሆኖ ትንሽ ከሳችባችሁ በ11ኛው ቀን ፈንታ በ18ኛው ቀን አስጠቋት። ዙሩ 49 ቀን ይሆናል፣ ማስጠቂያው አሁንም ሰኞ ነው።

ዝግተኛው፦ ጡት ካስጣለች በኋላ

በ35 ቀን ልጆቹን አውጡ፣ በ39ኛው ቀን አስጠቋት። ዙሩ 70 ቀን፣ 10 ሳምንት ነው። በዓመት 5 ወሊድ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 5 ጊዜ ወልዳ በየወሊዱ 7 የምታሳድግ እናት 35 ትሰጣለች። 8 ጊዜ ወልዳ በየወሊዱ 4 የምታሳድግ 32 ትሰጣለች፣ ለዚያውም ሁለተኛዋ የበላችው መኖ ይበልጣል። ሳር፣ የስኳር ድንች ሐረግና የጎመን ቅጠል ለሚያበሉ የመጀመሪያ ምርጫዬ ይህ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለው። ሴቷን በጣም አታሳርፏት። ከ3 ወር በላይ ሥራ የፈታች ጥንቸል ትሰባለች፣ የሰባች ደግሞ ማርገዝ ታስቸግራለች።

| መመዘኛ | ፈጣኑ | መካከለኛው | ዝግተኛው |
|---|---|---|---|
| ከወሊድ በኋላ የምትጠቃበት | በ1–2 ቀን | በ11 ቀን | በ39 ቀን |
| ከወሊድ እስከ ወሊድ | 33 ቀን ገደማ | 42 ቀን | 70 ቀን |
| በዓመት፣ በወረቀት ላይ | 11 | 8 | 5 |
| ጡት ማስጣያ | 28 ቀን | 32 ቀን | 35 ቀን |
| መኖ | ሙሉ የተመጣጠነ | የተመጣጠነ ከሳር ጋር | ሳር፣ ትንሽ ድጋፍ |
| የ4 እናቶች ልጆች በአንድ ጊዜ የሚይዙት ቦታ | ወደ 65 ራስ | ወደ 50 ራስ | ወደ 30 ራስ |
| ለጀማሪ | አይሆንም | መዝገብ ካለው | ይሆናል |

የቦታው ስሌት በየወሊዱ 6 ልጅ ጡት ጥሎ በ4 ወሩ ይሸጣል በሚል ነው። ይህን ረድፍ ሁለቴ አንብቡት። ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እናቶቹ ስለማይወልዱለት ሳይሆን የወለዱት የሚያድሩበት ስለሚያጣ ነው።

ወንዱና ሙቀቱ

አንድ ወንድ ለ8 እስከ 10 ሴት ይበቃል፤ በሳምንት ከ2 ወይም ከ3 ቀን በላይ አታሠሩት። ለእሱ ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። አየሩ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲቆይ የዘር ፈሳሹ ይደክማል፣ ለመመለስም 2 ወር ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ድሬዳዋ ወይም ጋምቤላ ያለ አርቢ በሙቀቱ ወራት ሴቶቹ ሳይረግዙ ቢቀሩ መጀመሪያ ወንዱን ይጠርጥር። በጠዋት ማስጠቃት፣ ጥላና ነፋስ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ያግዛሉ። በጣም በሚከፋው ወቅት ፕሮግራሙን ማቆም ይሻላል። ደብረ ብርሃን ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ወንዱ ደህና ነው፣ ሥጋቱ የሌሊቱ ብርድ ነው። ሳጥኑን በደረቅ ሳር ሙሉት።

የውጭ መመሪያ ስታነቡ «በክረምት ሴቶቹ አይቀበሉም፣ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት መብራት ስጧቸው» የሚል ታገኛላችሁ። ያ የክረምት ቀን ለሚያጥርባቸው አገሮች ነው። ሚኒሶታ ወይም ስዊድን ሆናችሁ ጓሮ ውስጥ ለምታረቡ ወገኖች በትክክል ይሠራል። እኛ ጋ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ለዚህ ብላችሁ መብራት አትክፈሉ።

ወደ ቀለሙ

እያንዳንዱ ጥንቸል ለእያንዳንዱ የቀለም ባሕርይ ሁለት ጂን (ከወላጅ የሚወረስ የባሕርይ መወሰኛ) ይይዛል፤ አንድ ከአባት፣ አንድ ከእናት። አንዳንዱ ጂን ገዥ ነው፣ አንድ ብቻ ሆኖ ይታያል። አንዳንዱ ድብቅ ነው፣ ከሁለቱም ወገን ካልመጣ አይታይም። ለአርቢ ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ድብቁ ለብዙ ትውልድ ተሸሽጎ ይሄዳል።

የዱሩ ቀለም የሁሉ መነሻ ነው። ቡላ መሳይ፣ ሆዱ ነጣ ያለ። ጀርባው ላይ ፀጉሩን ገለጥ አድርጋችሁ እፍ በሉበት፤ ከሥር ዳለቻ፣ ከላዩ ቢጫማ፣ ጫፉ ጥቁር ሆኖ ቀለበት ቀለበት ይሠራል። ይህ በወጥ ጥቁር ላይ ገዥ ነው። ሁለት ቡላ ጥቁር ልጅ ሊወልዱ ይችላሉ። ሁለት ወጥ ጥቁሮች ቡላ ከወለዱ ግን አባትየው ሌላ ሊሆን እንደሚችል አስቡ። የእነዚህ ሁሉ ዓይን በተለምዶ ቡኒ ነው።

ነጭ፣ ቀይ ዓይን። ኒውዚላንድ ኋይት የሚባለው፣ በስሙ ሳይሆን በእውነቱ አሜሪካ የተራባው ዘር፣ ከነዚህ ነው። ቀለም የሚሠራው ጂን በሁለቱም ወገን ተዘግቷል። ዓይኑ የቀላው ደሙ ስለሚታይ ነው። ሁለት ቀይ ዓይን ነጮች ሁልጊዜ ነጭ ብቻ ይወልዳሉ። ስለዚህ ጥቁር ልጅ ሳጥኑ ውስጥ ካገኛችሁ አንድ ኬጅ ሌሊት ክፍት አድሯል። ለሥጋ ገበያ ነጭ ይወደዳል፤ የቀረ ፀጉር ሥጋው ላይ አይታይም፣ ቆዳውም የፈለጉትን ቀለም ይቀበላል። ግን ፈጣን ዕድገቱ የመጣው ከንጣቱ አይደለም። ለረጅም ዓመታት ለሥጋ ተመርጦ ስለተራባ ነው። በየገበያው የሚሸጥ ነጭ ሁሉ ኒውዚላንድ አይደለም። የወላጆቹን ክብደት ጠይቁ። ጠንካራ ፀሐይም ዓይኑን ያስቸግረዋል፣ ጥላ ይፈልጋል።

ካሊፎርኒያን። በ1920ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተራባ ነው። ነጭ ሆኖ አፍንጫው፣ ጆሮው፣ እግሩና ጭራው ጥቁር፤ ዓይኑ ቀይ። ቀለም የሚሠራው ጂን የሚሠራው ቅዝቃዜ ባለበት ብቻ ስለሆነ ነው የሰውነቱ ጫፍ ብቻ የጠቆረው። ስለዚህ በደጋ ይጠቁራል፣ በቆላ ሊደበዝዝ ይችላል። ቀዝቃዛ ጎጆ ያደገ ልጅም ሰውነቱ ላይ ጥላሸት የነካው ሊመስል ይችላል፤ ፀጉሩ ሲቀየር ይጠፋል። በዚህ ብቻ «ድቅል ነው» ብላችሁ አትጣሉት። ከኒውዚላንድ ጋር ሲዳቀል ልጆቹ ጫፋቸው ፈዘዝ ያለ ይሆናል፣ ለሥጋም ጥሩ ድቅል ይወጣዋል። ድቅሎቹን እርስ በርስ ካስጠቃችሁ በአማካይ ከ4 አንዱ ሙሉ ነጭ ይሆናል።

ዳለቻ ወይም «ሰማያዊ»። የጥቁሩ ቀለም ሲሳሳ የሚመጣ ነው፣ ዓይኑም ዳለቻ ይሆናል። ድብቅ ጂን ነው። ሁለት ዳለቻዎች ጥቁር አይወልዱም። ዳለቻን ከንጹሕ ጥቁር ብታስጠቁ ልጆቹ ሁሉ ጥቁር ሆነው ዳለቻውን ይሸሽጋሉ። ከእነሱ ሁለቱ ሲገናኙ ከ4 አንዱ ዳለቻ ይመጣል። ለቤት እንስሳ ገበያ ጥሩ ነው፣ ለሥጋ ልዩነት የለውም።

ነጭ፣ ሰማያዊ ዓይን። ሻጮች ዋጋ የሚሰቅሉበት ይህ ነው። ከኦስትሪያ የቪየና ነጭ የመጣ ድብቅ ጂን ነው። ልጆቹ ሰማያዊ ዓይን እንዲኖራቸው ሁለቱም ወላጅ ጂኑን መያዝ አለባቸው። አንዷን ብቻ በውድ ገዝታችሁ ከቀይ ዓይን ነጭ ወንድ ጋር ብታገናኙ ምን ይወለዳል? ባለቀለም ልጆች! ጥቁር፣ ቡላ፣ ምናልባት ግንባራቸው ላይ ቦራ ያላቸው። የሁለቱ ንጣት ምክንያት የተለያየ ስለሆነ አንዱ የሌላውን ይከፍተዋል። ከሁለት ነጮች ጥቁር ልጅ ሲወጣ ሻጩን ሌባ የሚል ሰው አለ፤ ወንድዬው ቀይ ዓይን፣ ሴቷ ሰማያዊ ዓይን ከሆኑ ሻጩ አልዋሸም። በአንዳንድ የቪየና ነጭ መስመሮች የሚጥል በሽታ መታየቱም ተመዝግቧል። ስትገዙ ወላጆቹንና እህት ወንድሞቹን እዩ። ለሥጋ እርባታ ትርፍ ብር አታውጡበት።

ዥንጉርጉር። ነጭ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ፣ አፍንጫው ዙሪያ ምልክት ያለው። ያምራል፣ ቶሎ ይሸጣል። እዚህ ላይ ግን ሳላስጠነቅቅ አላልፍም። ሁለት ዥንጉርጉሮችን ካስጠቃችሁ በአማካይ ግማሹ ዥንጉርጉር፣ ሩቡ ወጥ ይሆናል። የቀረው ሩብ ነጠብጣቡ በጣም ጥቂት የሆነ፣ ከሞላ ጎደል ነጭ ነው። እነዚህ መጨረሻዎቹ ከሁለቱም ወገን ጂኑን የወሰዱ ናቸው። ትልቁ አንጀታቸው ያለቅጥ የሚሰፋበትና ምግብ የማይወርድበት ችግር ይይዛቸዋል፣ ብዙዎቹ ይሰቃያሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። ዥንጉርጉርን ሁልጊዜ ከወጥ ቀለም ጋር አስጠቁ። ግማሹ ዥንጉርጉር ሆኖ ይወጣል፣ የታመመ አይወለድም። ቀለም ለእንስሳው ሕይወትና ሞት የሚሆንበት አንዱ ቦታ ይህ ነውና እባካችሁ አትለፉት።

| ቀለም | ዓይን | ሁለቱ ሲገናኙ | የሚሻለው |
|---|---|---|---|
| ነጭ | ቀይ | ሁሉም ነጭ | ለሥጋ፣ ለቤተ ሙከራ |
| ካሊፎርኒያን | ቀይ | ንጹሕ ከሆኑ ሁሉም እንደ ወላጆቹ | ለሥጋ፣ ለድቅል |
| ቡላ፣ ጥቁር | ቡኒ | የተደበቀ ሊወጣ ይችላል | ለጓሮ፣ ለሁሉም |
| ዳለቻ | ዳለቻ | ጥቁር አይወጣም | ለቤት እንስሳ |
| የቪየና ነጭ | ሰማያዊ | ሁሉም እንደ ወላጆቹ | ለሚወደው ገዢ |
| ዥንጉርጉር | ቡኒ | ሩቡ ለሕመም ይጋለጣል | ከወጥ ጋር ብቻ |

ፕሮግራሙና ቀለሙ የሚገናኙበት

ሁለት እናቶችን በአንድ ሰኞ አስጠቁ፤ አንዷ የነጭ ልጆች እናት፣ ሌላዋ የባለቀለም። ሐሙስ ሲወልዱ አንዷ 11፣ ሌላዋ 4 ብትወልድ ከብዙው ወደ ጥቂቱ በማደጎ ታዛውራላችሁ። ጡቷ 8 ወይም 10 ስለሆነ 11 ለአንዷ ይበዛል። ልጆቹ ሲወለዱ ፀጉር የላቸውም፤ ግን የጥቁሩ ልጅ ቆዳ ጠቆር ይላል፣ የነጩ ሮዝ ነው። የተዘጋውን የዓይን ቆብ ልብ ብላችሁ እዩት። ባለቀለሙ ከሥሩ ጥቁር ጥላ አለው፣ ቀይ ዓይን የሚሆነው የለውም። ማን የማን እንደሆነ ያለ ምልክት ታውቃላችሁ። ዓይናቸው የሚከፈተው ከ10 እስከ 12 ቀን ሲሞላቸው ነው።

ሁለተኛው መገናኛ ዝምድና ነው። ሴት ልጅ በ5 እና በ6 ወሯ ለማስጠቃት ትደርሳለች፣ የትልቅ ክብደቷን ከ75 እስከ 80 በመቶ ስትሞላ። አንድ ወንድ ብቻ ካላችሁና ፕሮግራሙ ከፈጠነ፣ ዓመት ሳይሞላ አባት የገዛ ልጆቹን እያስረገዘ ነው። ከዚህ በፊት ያልታየ ነጭ ወይም ዳለቻ ድንገት ብቅ ብቅ ካለ ድብቁ ከሁለት ወገን ተገናኝቷል ማለት ነው። ነጩ ራሱ አይጎዳም። ግን አብሮት የተደበቀ ሌላ ጉድለትም በዚያው መንገድ ሊገናኝ ነው። ወንድ ቀይሩ።

ለየትኛው ቤት የትኛው?

አቅሙ ትንሽ ለሆነ፣ ሳር ላለው ጓሮ፦ 2 ሴትና 1 ወንድ፣ የ70 ቀን ዙር፣ ማንኛውም ቀለም። ለቀለም ትርፍ ብር አትክፈሉ፤ ብሩን ለጥሩ የመውለጃ ሳጥንና ለውሃ መስጫ አውሉት። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ዙሩን ለማሳጠር አትቸኩሉ።

የሆቴል ትዕዛዝ ለያዘ፣ የተመጣጠነ መኖ መግዛት ለሚችል፦ የ42 ቀን ዙር፣ ኒውዚላንድ ሴቶች በካሊፎርኒያን ወንድ። እናቶቹን በሁለት ምድብ ክፈሉ፤ አንዱ ምድብ በአንድ ሰኞ፣ ሌላው ከ3 ሳምንት በኋላ ባለው ሰኞ ይጠቃ። በየ3 ሳምንቱ የሚሸጥ ይኖራችኋል፣ ማደጎም ይቻላል። በሦስተኛው ወሊድ የከሳችውን ወደ 49 ቀን አዛውሯት። ሁለት ዙር ተከታትላ ልጆቿን የጨረሰችውን ወይም ወንድ ደጋግማ እምቢ ያለችውን፣ ጤናዋና ክብደቷ ደህና ሆኖ ሳለ፣ አሰናብቷት። ቀለሟ ቢያምርም።

ለቤት እንስሳና ለዘር ገበያ፦ የ70 ቀን ዙር፣ ሁለት ወይም ሦስት ዝምድና የሌላቸው ወንዶች፣ ቀለም በዕቅድ። ለገዢው የተደበቀውን ጭምር ንገሩት። «ይህ ጥቁር ነው፣ እናቱ ግን ዳለቻ ነበረች» ብሎ የሚሸጥ ሰው ገዢው ይመለስለታል።

ቆላ ላለ፦ ዝግተኛው፣ በከፋው ሙቀት ወር እረፍት። ከተቻለ ሁለተኛ ወንድ ያዙ፣ አንዱ በሙቀት ቢዳከም ሌላው እንዲረከብ።

ሁላችሁም አንድ ደብተር ይኑራችሁ። በየገጹ ላይ የአንድ እናት ስም ወይም ቁጥር፣ የተጠቃችበት ቀን፣ የወንዱ ቁጥር፣ የተወለዱና ጡት የጣሉ ብዛት፣ የየአንዳንዱ ልጅ ፀጉርና ዓይን ቀለም። ቀለሙን በወለደች በሳምንቱ አንዴ፣ ጡት ሲጥሉ ደግሞ ሁለተኛ ጻፉት። የካሊፎርኒያን ልጆች በመጀመሪያው ሳምንት ነጭ ሆነው ነው የሚታዩት፤ ጫፋቸው የሚጠቁረው ከዚያ በኋላ ነው።